ሳሙና ቀማሹ

በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ጣሊያን ሰኞ ሰኞ በአስተርጓሚ ሳሙና ማብሰል ያስተምረን ነበር። ትምህርቱ ከባድ አልነበረም። የበሬ ሞራ ታቀልጣለህ፣ የሚያቃጥል ሶዳ ትጨምርበታለህ፣ እያማሰልክ ትቀቅላለህ። መብሰሉን የምታውቀው በምላስህ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለውን ጠብታ በምላስህ ጫፍ ነካ ታደርጋለህ፣ ከለበለበህ ገና ነው። እንዲህ እየቀመስን ሰነበትንና ሁዳዴ ገባ።

የመጀመሪያው ሰኞ ጣሊያኑ እንደ ልማዱ ማንኪያውን ዘረጋልን። ማንም አፉን አልከፈተም። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ፊቱ ተለወጠ። እጁን ሽጉጡ ላይ አሳርፎ አስተርጓሚው ላይ አምባረቀበት።

"ምን መርዝ ጨመራችሁበት ነው የሚለው" አለን አስተርጓሚው።

እኔ ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ። በዕድሜ የሚበልጡን እትዬ ጥሩወርቅ ግን ማማሰላቸውን እንኳ አላቆሙም። "ልጄ፣ ጾም ነው በለው። በሁዳዴ ሞራ ምላሴን አላስነካም። ካላመነ እሱ ይቅመሰው" አሉ።

ተተረጎመለት። እያፈጠጠብን ማንኪያውን ላሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ምላሱን አውጥቶ በእጁ እያራገበ የሆነ ነገር አጉተመተመ።

"አልበሰለም ነው የሚለው" አለ አስተርጓሚው።

እንጨት ጨመርንበት።

ከዚያ ወዲያ ሁዳዴን ሙሉ ቀማሹ እሱ ሆነ። ፋሲካ አልፎ ሥራ ስንገባ ማንኪያውን ይዞ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። በአማርኛ ሲናገር ሰምተነው አናውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ገና ሳንደርስ፣ "ጾም ተፈታ?" አለን።