ሜትር ጉበት አይለካም

ጋሽ ሜትሩ ከጨርቅ መደብር ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና መድኃኒት ቤት ደጃፍ ተጠለሉ። ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅምና። እዚያው የሟች ወንድማቸውን ልጅ፣ ነርሷን፣ ከሥራ ወጥታ ዝናቡ እስኪያባራ ቆማ አገኟት።

“ጋሼ! ምነው እንዲህ ከሱብኝ?”

“ዳኑ በይ እንጂ!” አሉ ቀበቷቸውን መታ መታ እያደረጉ። “ሐኪሙ ‘ጉበትዎን ስብ ወርሮታል፣ ክብደት ይቀንሱ’ ብሎኝ አልነበር? መጠጡንም ጣፋጩንም እርግፍ አድርጌ ተውኩ። ሱሪዬን ስንቴ አጠበብኩት መሰለሽ!”

“እሰይ፣ ደግ አደረጉ። ምርመራውስ ምን አለ?”

“የምን ምርመራ?”

“በስድስት ወር ይመለሱ ተብለው ነበር እኮ። ይኸው ዓመት አለፈው።”

“ወገቤን በየሳምንቱ እለካ የለ? ስብ ሲወርድ ሜትር ይናገራል። ደሞ ምንም አያመኝም።”

ጋሽ ሜትሩ ለሰው ሁሉ ‘ሳይቃጠል በቅጠል’ እያሉ ይመክራሉ፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን አልሸሹም ዞር አሉ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሆስፒታሉን ይፈሩታል። ወንድማቸው እዚያ ገብቶ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ አጥሩን ላለማየት ሲሉ መንገድ ይቀይራሉ።

“ቢቆጡኝም እናገራለሁ፣ ጋሼ። የወገብዎ መቀነስ ደግ ምልክት ነው፤ ግን ሜትር ጉበት አይለካም። ስቡ ቢቀንስም ውስጡ ጠባሳ ሊኖር ይችላል። ጉበት ደግሞ እንደ ጥርስ ጮኾ አያስጮኽም፤ ዝም ብሎ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። አባቴስ አመመኝ ያለው መቼ ነበር? ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በኋላ አይደል?”

“ተይ፣ አባትሽን አታንሺብኝ።”

 ነርሷ የለበሱትን ኮት ትክ ብላ አየችው።

“ይሄን ኮት ማን ሰፋልዎት?”

“ማን ይሰፋልኛል? እኔው ነኛ!”

“ታዲያ ትከሻው ምነው እንዲህ ወረደ?”

ጋሽ ሜትሩ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስታወት ዞሩ። የሌላ ልብስ ሰፊ ሥራ ቢሆን ስቀው አይጠግቡም ነበር፤ የትከሻው ስፌት ወደ ክንዳቸው ወርዶ እጅጌው ተንጠልጥሏል። ያን ሁሉ ጊዜ ወገብ ወገቡን ሲያጠብቡ ትከሻውን ልብ ብለው አላዩትም። ሰው ቦርጩ ቢጠፋ ሱሪው ይሰፋዋል፤ ትከሻ ላይ ግን ቦርጭ የለም። ይህን ደግሞ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም፤ ደነገጡ።

“ሥጋዬ ነው የሄደው” አሉ ቀስ ብለው።

“ጡንቻዎ ነው። ጉበት ሲዳከም እንዲህ ይሆናል፤ በሌላ ምክንያትም ሊሆን ይችላል። ሳይመረመሩ አይታወቅም።”

በማግሥቱ ያን አጥር አብረው አለፉት። ደማቸው ተቀዳ፣ ሆዳቸው በአልትራሳውንድ ታየ፣ የጉበትን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያም ጎናቸው ላይ ተደረገ። ተረኛዋ ሐኪም ውጤቱን አይታ ፈገግ አላለችም።

“ስቡ ቀንሷል፤ ድካምዎ ከንቱ አልሆነም። የደም ምርመራውም ብቻውን ቢታይ ብዙ አያስፈራም። ጉበቱ ግን ጠንክሯል። ጠባሳው ገፍቷል።”

“በቀጠሮዬ መጥቼ ቢሆንስ?”

“ያኔ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነበር። አሁን የምንታገለው እንዳይብስ ነው።”

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ኮሪደሩ ላይ ነርሷ እንባዋን እየጠረገች ታስረዳቸው ጀመር።

“ጉበትዎ በየስድስት ወሩ ከታየ ዕጢ ቢበቅል እንኳ ገና በጠዋቱ ይያዛል። ሆድዎ ውሃ ሳይቋጥር መድኃኒት ይጀመራል። ምግብዎ ይስተካከላል፤ ጡንቻዎም ይመለስ ይሆናል። እንዲህ እየታዩ ብዙ ዓመት የኖሩ አሉ፣ ጋሼ።”

ጋሽ ሜትሩ ሳያቋርጧት እስከ መጨረሻው ሰሟት።

“ቀጠሮውን አንቺ ያዢልኝ” አሉ። “ሰው ራሱን ሲለካ ያዳላል።”

“እሺ፣ ጋሼ።”

“አንቺስ? የአባትሽ ልጅ ነሽ። ታይተሽ ታውቂያለሽ?”

ነርሷ ብዙ ሰው ስትመረምር የኖረች ናት። ራሷ ግን አንድም ቀን ታይታ አታውቅም፤ አንገቷን ደፋች።

“በይ ሁለት ቀጠሮ ያዢ” አሏት።