ሁለት ሰው የሚፈልግ ልባጥ

አንድ ረፋድ ላይ፣ አንድ አዛውንት አናጢ በኮላ መሸጫ ሱቅ ባንኮኒ ፊት ቆመው ባለሱቁን ይወቅሱ ነበር። ኮላው ውሃ የበዛበት ነው፣ የዛሬ ነጋዴ እምነት የለውም የሚል ነው ክሳቸው። ማስረጃውንም በጋዜጣ ጠቅልለው መጥተዋል፦ ከጠረጴዛ ላይ የተላቀቀ መዳፍ የሚያህል ልባጥ፣ ከውድ እንጨት እንደ ወረቀት ሳስቶ የተቀረፈ ገጽ።

ከኋላቸው ወረፋ የያዘችው ሴት በሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መምህርት ነበረች። “ጋሼ፣ ባላስቸግርዎት ልየው?” አለችና ጀርባውን ገልብጣ አየችው። ንጹሕ ነው። “ጠረጴዛው ላይ የቀረው ኮላ ያብለጨልጫል?”

“እንደ መስታወት።”

“እንግዲያው ልባጡ ሳያርፍበት ላዩ ደርቆ ቆዳ አውጥቷል። ኮላው ደህና ነው።”

አዛውንቱ ቅር አላቸው። ጠረጴዛው የባለቤታቸው የልብስ ስፌት ጠረጴዛ ነው። ሁለት ጊዜ ለበጡት፣ ሁለት ጊዜ ተነሳ። የተነሳው ጠርዝ የደንበኛ ሐር ቢተለትልባት እንኳ ባለቤታቸው አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ፎጣ አነጠፈችበት እንጂ። ያችን ፎጣ ባዩ ቁጥር ሆዳቸው ይባባል። ሦስተኛው ከተነሳ መሣሪያዬን እሸጣለሁ ብለው ለራሳቸው ምለዋል።

“ልጄ፣ እኔ ይህን ሥራ ስጀምር እናትሽም ገና ልጅ ነበረች” አሉ በትሕትና ግን በጠንካራ ድምፅ። “ኮላ ሲበዛ ነው የሚይዘው። ድንጋይ ትጭኛለሽ፣ ታሳድሪያለሽ፣ አለቀ።”

“ያኔ የነበረው በእሳት የሚቀልጥ ሙጫ ነው ጋሼ። ቢደርቅም በትኩስ ብረት ይለሰልሳል። ይህ ነጩ ግን ትዕግሥት የለውም። ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ነፋስ ካገኘው ደግሞ እሱም የለም።”

ሰው በለመደው ነገር ሲታረም መጀመሪያ የሚሰማው ውርደት ነው፤ ጥቅሙ የሚታየው ዘግይቶ ነው። አዛውንቱም ሊሰናበቷት ቃጥተው ነበር፤ ፎጣዋ ትዝ አለቻቸውና ወደ ሥራ ቤታቸው ይዘዋት ሄዱ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ነፋሱም እንዳሻው ይገባል። መምህርቷ ጣቷን እዚያ በቆመው የስፌት ጠረጴዛ ላይ ብታሳርፍ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ይዞ ተነሳ። ኮላ ብናኙን እንጂ እንጨቱን እንደማይዝ፣ ሲበዛም ልባጡን እንደሚያሳብጥ፣ ከድንጋዩ በታች ወረቀትና ቀጥ ያለ ጣውላ ካልገባ ጫናው እኩል እንደማይደርስ ነገረቻቸው። እሳቸውም በእያንዳንዱ ላይ እየተከራከሩ በመጨረሻ “እስቲ እዪኝ” ብለው በቁራጭ ሳንቃ ላይ ኮላ መቀባት ጀመሩ። አቀባባቸው ያምራል። ግን ይዘገያል። ልባጡን ሊያነሱ ሲዞሩ እሷ መጀመሪያ የተቀባውን ማዕዘን በጣቷ ነካችው። አልተጣበቀባትም። ደረቅ ጣቷን አሳየቻቸው።

እሳቸውም ነኩት። “ኮላው አይደለም” አሉ በመጨረሻ። “እጄ ነው።”

“እጅዎ ምንም አልሆነ ጋሼ። የሁለት ሰው ሥራ ለብቻው ተጥሎበት ነው። ቤት ውስጥ ሰው የለም?”

“ባለቤቴ አለች። ግን እዚህ አቧራ ውስጥ... የሴት ቦታም አይደል።” ማንን እያነጋገሩ እንደሆነ ትዝ ሲላቸው አቀረቀሩ። መምህርቷ ሳቋን ዋጠች።

ከጓዳ ይህን ሁሉ የሰማችው ባለቤታቸው እጅጌዋን ሰብስባ በር ላይ ቆማለች። “ሠላሳ ስድስት ዓመት እስክትጠራኝ ስጠብቅ አረጀሁ እኮ” አለች።

በሩን ዘጉ። የጠረጴዛውን ገጽ ከአሮጌው ኮላ ፍቀው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው አደረቁት። ከዚያም ባለቤታቸው ኮላውን በሮለር ስስ አድርጋ ፈጥና አለበሰችው፤ እሳቸው ልባጡን አሳረፉበት። ስታስተካክለው ከመሃል ወደ ዳር ነበር የምትገፋው፤ ማንም አላስተማራትም፣ ጨርቅ ሲተኮስ እንዲያ ነው። አዛውንቱ እጇን እያዩ ድንጋይ መጫኑን ረስተው ነበር፤ መምህርቷ አስታወሰቻቸውና ወረቀትና ጣውላ አስገብተው ጫኑበት።

በማግስቱ ገጹን በጥፍራቸው እየቆረቆሩ አዳመጡ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ድፍን ድምፅ ሆነ፤ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ባዶ ድምፅ ሰጠ። በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ በስለት ከፍተው፣ ጥቂት ኮላ አስገብተው፣ እንደገና ጫኑት። እሱም ያዘ።

ከዚያ ወዲህ የባከነ ልባጥ የለም፤ ተመልሶ የመጣ ዕቃም የለም። መሣሪያዎቹም አልተሸጡም። እርጅና ሙያን የሚነጥቀው ሰው ብቻውን ሲታገለው መሆኑን አዛውንቱ ዘግይተውም ቢሆን ተረድተዋል፤ ረዳት መጥራት ሙያን እንደማያሳንስም እንዲሁ። ጎረቤት ጠረጴዛውን እየዳሰሰ ማን እንደሠራው ሲጠይቃቸው ወደ ባለቤታቸው ዞር ይሉና፣ “እኛ” ይላሉ።