ገብስ ጠባቂዋ ሲዲ

ከዳንግላ ወደ ቆሰበር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠችው ሴት ኮምፒውተር ታቅፋለች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ጠየቋት።

«ምን ቢሆን ነው ልጄ፣ እንዲህ እንደ ሕፃን የታቀፍሽው?»

«ሞቶ ነበር አባባ። ዛሬ ነው የተነሣው።»

«ማን አዳነው?»

«ጠጋኙ የተበላሸውን ሲዲ ማንበቢያ ቀየረልኝ። ግን ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ የድሮው ኤክስፒ፣ የለኝም አለ። አዲሱን ደግሞ ይሄ አሮጌ አይችለውም።»

«ታዲያ አልተውሽውም?»

«እንዴት ልተወው? የሰው ማመልከቻ ጽፌበት ነው የምበላው! ሳስብ ሳስብ ኤክስፒው ያለባት የድሮዋ ሲዲዬ ትዝ አለችኝ።»

«የት ነበረች?»

«እናቴ ጓሮ። ማንበቢያው ሲበላሽ ከእንግዲህ ምን ትሠራልኛለች ብዬ፣ ገብሱ ላይ በክር አንጠልጥያት ነበር። ስታብረቀርቅ ወፍ ታባርራለች።»

«እኛም እናንጠለጥላለን። ዝናቡ አልጨረሳትም?»

«ክረምቱን ሙሉ ነው የወረደባት! በሳሙና አጥቤ፣ በነጠላዬ ጠርዝ አድርቄ ወሰድኩለት። ጠጋኙ እየሳቀብኝ ከተታት። ግርር አለችና ቆመች። እንደገና ግርር አለች። ብቻ ምን ልበልዎት፣ ያ የኤክስፒው አረንጓዴ ሜዳ ከነሰማዩ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ!»

«ሰውየውስ?»

«ሳቁን ዋጠዋ! ‹እባክሽ ሲዲዋን ለራሴም ልገልብጣት› ብሎ ለመነኝ።»

«ፈቀድሽለት?»

«ፈቀድኩለት፤ ገልብጦ መለሰልኝ። ወፉን እንግዲህ እናቴ በወንጭፍ ትጠብቅ!»

እኔ እስከ ቆሰበር ድረስ፣ ከሾፌሩ መስታወት ላይ ተንጠልጥላ የምትወዛወዘውን ሲዲ ጽሑፍ ለማንበብ አንገቴን ሳሰግግ ሄድኩ።