የተመለሰ መጽሐፍ አንቀበልም

ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ በኃላፊዋ በወይዘሮ ትርንጎና ልጅነቱን ኩባ ባሳለፈው በጋሽ ቱፋ መካከል፣ በስፓኒሽ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ይገፋል።

ቱፋ፦ ተቀበይኝ ብያለሁ!

ትርንጎ፦ አልቀበልም ብያለሁ!

ቱፋ፦ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። መጽሐፍ አልመልስም ያለ ሰው ሲከሰስ አውቃለሁ፤ ልመልስ ያለ ሰው ሲከለከል ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።

ትርንጎ፦ አይመልሱት አልወጣኝም። ዛሬ አይመልሱት ነው ያልኩት። ነገ ከሰዓት ያምጡት፣ በሁለት እጄ እቀበልዎታለሁ።

ቱፋ፦ ነገ የወንድሜን የአባተን አርባ ስናሰናዳ ነው የምንውለው። ይኼ ደግሞ በሱ ስም የወጣ መጽሐፍ ነው። የሰው ዕቃ ቤቱ አስቀምጬ ተዝካሩን አልበላም።

ትርንጎ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ግን ይስሙኝማ፣ ጋሽ ቱፋ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ከመቶ አርባ የስፓኒሽ መጽሐፍ ውስጥ አሁን ሰው እጅ ላይ ያለው ይህ አንድ ብቻ ነው። እሱን ተቀብዬ ከሰረዝኩት ተዋሽ የለም ማለት ነው። ተዋሽ ከሌለ መደርደሪያው ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል። ተወስኗል እኮ፣ የቀረው ፊርማ ነው።

ቱፋ፦ እና የሞተውን ሰውዬ ምስክር ልታቆሚው ነው? «አባተ ዋቅጅራ መቃብር ውስጥ ስለ ቤዝቦል እያነበበ ነው» ልትያቸው?

ትርንጎ፦ እነሱ ቁጥር ነው የሚያዩት። የሞተና ያለ አይለዩም።

ቱፋ፦ እኔ ግን እለያለሁ። ቀብሬዋለሁ።

ትርንጎ፦ እናንተ ናችሁ ጉድ የሠራችሁኝ! የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበራችን ስንት ደጅ ጠንቶ ነው ይህን መጽሐፍ የሰበሰበው? «ኩባ ያደጉ ልጆቻችን እርስ በርስ የሚያወሩት በስፓኒሽ ነው፣ የሚያነቡት ግን የላቸውም» እያልን። በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያስ ራስዎ አይደሉ የጻፉልን?

ቱፋ፦ እኔ ነኝ። በስፓኒሽ «ኑ፣ ቤታችሁ ነው» ብዬ።

ትርንጎ፦ ታዲያ ከቤታችሁ የት ጠፋችሁ? አምስታችሁም ዝር አላላችሁም። ሐዘን ነው ብዬ ዝም አልኩ። ግን ሰው ሲሞት የጓደኛው ዓይን አብሮ ይቀበራል እንዴ?

ቱፋ፦ አውቀሽ ነው ወይስ ሳታውቂ?

ትርንጎ፦ ምኑን?

ቱፋ፦ ተይው። ተቀበይኝና ልሂድ።

ትርንጎ፦ እስቲ ልየው... ደግሞ ገጹን አጥፋችሁታል! ስንቴ ነው የነገርኳችሁ፣ ገጽ አይታጠፍም፣ ወረቀት ጣል ይደረግበታል እንጂ...

ቱፋ፦ ተይ! አታቃኚው!

ትርንጎ፦ ምነው?

ቱፋ፦ እሱ ነው ያጠፈው። እሑድ እሑድ በረንዳው ላይ ተሰብስበን እሱ ያነብልን ነበር። አንዳችን ዓይኑ ደክሟል፣ ሌላው መነጽር የለውም። እዚህ ጋ ሲደርስ ሳሉ መጣበትና «ቀሪው ለሳምንት» ብሎ አጠፈው። ሳምንቱን አላየውም።

ትርንጎ፦ ይቅርታ... ይኸው፣ አልነካሁትም። ታዲያ ቀሪውን ለምን አትጨርሱትም? ወደ እርስዎ ስም ላዛውረው። ካርድ አለዎት አይደል?

ቱፋ፦ የለኝም።

ትርንጎ፦ እንዴት የለዎትም? በገዛ እጄ ነው የሰጠሁዎት!

ቱፋ፦ በገዛ እጅሽ ነው የወሰድሽብኝ። እንቺ፣ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ትርንጎ፦ «ለአቶ ቱፋ ዋቅጅራና ለሌሎች አራት ተዋሾች። ዋሳችሁ የነበሩት አቶ አባተ ዋቅጅራ በሞት የተለዩ በመሆናቸው፣ ቋሚ ሠራተኛ የሆነ ምትክ ዋስ እስክታቀርቡ ድረስ ካርዳችሁ የታገደ መሆኑን እናሳውቃለን...» ወይኔ!

ቱፋ፦ ጨርሺዋ። ከሥሩ ማን ይላል?

ትርንጎ፦ የኔ ፊርማ ነው።

ቱፋ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በሠልስቱ ነው የደረሰን። የሐዘን መግለጫ መስሎን ድንኳን ውስጥ ለለቀስተኛው ሁሉ ተነበበ። የሞቱን ማስታወቂያ እዚህ በር ላይ የለጠፍነው ለቅሶ እንድትደርሱን ነበር። ለለቅሶ አልመጣችሁም፣ ለደብዳቤ ግን ማን ብሏችሁ!

ትርንጎ፦ ሥላሴን፣ አላነበብኩትም! አዋሳ ልሄድ መኪና በር ላይ ቆሞ፣ ከመዝገብ ቤት አንድ ክምር ወረቀት አመጡልኝ። ዝም ብዬ ፈረምኩ።

ቱፋ፦ አዋሳ ምን ነበረሽ?

ትርንጎ፦ የማኅበሩ ጉባኤ። ስለ እናንተ ልናገር ነው የሄድኩት፣ ስለ ስፓኒሽ አንባቢዎቻችን። ቆመው አጨበጨቡልኝ እኮ። እኔ እዚያ ሲጨበጨብልኝ እናንተ ይህን እያነበባችሁ... አፈርኩ፣ ጋሽ ቱፋ። የምገባበት ጠፋኝ።

ቱፋ፦ አሁን ማፈርሽ መጽሐፉን አይቀበልልኝም።

ትርንጎ፦ ሌላ ዋስ ከየትም አታገኙም?

ቱፋ፦ ከየት? እኔ ፍሪጅ እጠግናለሁ፣ አንዱ ደላላ ነው፣ አንዱ ዘበኛ። ቋሚ ሥራ የነበረው አባተ ብቻ ነው። ዘመድ አምጡ እንዳትዪኝ፣ ዘመድ ቢኖረን ኩባ ምን ወሰደን?

ትርንጎ፦ እንግዲያው አንድ አጎት እንፍጠር። ስም እንጽፋለን፣ ማን ያጣራል?

ቱፋ፦ አንድ የውሸት ስም ይበቃኛል።

ትርንጎ፦ የምን የውሸት ስም?

ቱፋ፦ ዋቅጅራ።

ትርንጎ፦ እንዴ! አቶ አባተ ወንድምዎ አይደሉ?

ቱፋ፦ በጦርነቱ ማግስት፣ ወላጅ አልባ ልጆች የተሰበሰብንበት ካምፕ ነበር። ኩባ የሚሄዱ ይመዝገቡ ተባለና ተሰለፍን። ሰባት ዓመቴ ነው፣ እሱንም በግምት ነው የጻፉልኝ። ጸሐፊው «የአባትህ ስም?» ሲለኝ ጠፋኝ። አባቴን «አባ» እንጂ በስም ጠርቼው አላውቅማ። «እንግዲያው ወደ ዳር ቁም» አለኝ። ይሄኔ ከፊቴ ተመዝግቦ ያለፈው ልጅ ተመልሶ መጣና «የሱም አባት ዋቅጅራ ነው» አለው። ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም።

ትርንጎ፦ አባተ?

ቱፋ፦ አባተ። አባቱን አዋሰኝ። ቅጽ አላስሞላኝም፣ ዋስ አምጣ አላለኝም። አርባ አምስት ዓመት ይዤው ኖርኩ፣ እሱም አንድ ቀን መልስ ሳይለኝ ሞተ። ያንን የት አባቴ ሄጄ እመልሳለሁ? ይህን ግን መመለስ እችላለሁ። በእናትሽ፣ ተቀበይኝ!

ትርንጎ፦ እሺ። ተቀበልኩ። «አባተ ዋቅጅራ፣ ተመልሷል።» ይኸው ማኅተሙ። የሰው ዕቃ የለባቸውም።

ቱፋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። መደርደሪያሽስ?

ትርንጎ፦ ተዋሽ የሌለው ሆኗል። ይቀመጡ፣ አይሂዱ።

ቱፋ፦ ምንድን ነው የምትጽፊው?

ትርንጎ፦ ቅጽ። ተዋሽ፣ ቱፋ ዋቅጅራ። ዋስ፣ ትርንጎ መኩሪያ።

ቱፋ፦ አበድሽ? «የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ዋስ መሆን አይችልም» የሚለው ግድግዳሽ ላይ ተለጥፏል እኮ።

ትርንጎ፦ ያረቀቅኩትም የለጠፍኩትም እኔ ነኝ።

ቱፋ፦ ነገ ገምጋሚዎቹ መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ነው። ልጆች አሉሽ፣ ትርንጎ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ትርንጎ፦ ማስጠንቀቂያ ይጽፉልኝ ይሆናል፣ ከዚያም የባሰ ይመጣ ይሆናል። እፈራለሁ፣ አልዋሽዎትም። ግን ስጽፍ ኖሬ ሲጻፍብኝ ምን እንደሚመስል ልቅመሰው። አራቱንም ነገ ሁለት ተኩል ላይ ይዘዋቸው ይምጡ፣ ቅጻቸውን ሞልቼ እጠብቃለሁ።

ቱፋ፦ እኔ ራሴ መቼ ፈረምኩ?

ትርንጎ፦ ገጹ እንደታጠፈ ነው፣ ጋሽ ቱፋ። ማነው ከዚያ የሚቀጥልላቸው?

ቱፋ፦ ይሁን፣ እኔ አነብላቸዋለሁ። የት ጋ ልፈርም?

ትርንጎ፦ አንድ ባዶ ቦታ ቀርቷል። «ከዋሱ ጋር ያለዎት ዝምድና» ይላል።

ቱፋ፦ ባዶውን ተይው።

ትርንጎ፦ ባዶ ከሆነ መዝገብ ቤት ይመልሰዋል።

ቱፋ፦ እንግዲያው ብዕሩን ወዲህ በይ፣ እኔው ልጻፈው፦ «ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመች።»