የሙሽራው ጊታር

ግቢ እህቴ፣ ግቢ የሙሶንዳ እናት። ከማንጎው ሥር ያለው አግዳሚ ይሻልሻል፤ ቤቱ እንደ መዳብ ማቅለጫው ግሏል። ዝናቡስ ዘንድሮ ምን ነካው? ቆይ፣ ሙንኮዮ ልቅዳልሽ። ትናንት ነው የጠመቅኩት፣ ገና እንደ እኔ አልኮመጠጠም...

የሠርጉ ካርድ እንዴት ያምራል። ሙሽራው ወንድምሽ ጊታሩን አቅፎ የተነሣውን ፎቶ ነው ያደረጋችሁት? አበጃችሁ። ሙሽሪትም አብራ ብትኖር ደግ ነበር፤ ግን ሁለት ነገር እኩል ማቀፍ መቼም ይከብዳል። ደግሞ እጁ እንዴት ረዥም ነው... እኔ ሁልጊዜ እላለሁ፣ እንደ እሱ እጀ ረዥም ሰው ኪትዌ ውስጥ አላየሁም። ለጊታር ረዥም እጅ ያስፈልጋል አይደል?

አብሮ የላከሽንም መልእክት ትናንት ማታ ለባለቤቴ ለቻንሳ ነግሬዋለሁ። ሙሽሪት በሬዲዮ የሰማችውን ያንን ጊታር በሠርጓ ቀን በዓይኗ እያየች ልትሰማ ትፈልጋለች። ልጅቷ ምን አጠፋች? ሙሽራው ደግሞ ቻንሳ መጋረጃ ጀርባ ቁጭ ብሎ በሌላ ጊታር “ትንሽ ያግዘኝ” ብሏል። ትሕትናው ደስ ይላል። ያን የሚያህል ስመ ጥር ሰው፣ ከመዳብ ጉድጓድ አቧራ ለብሶ የሚወጣ ዘፋኝ ያግዘኝ ሲል... ስንቱ ባለ ዝና እንዲህ ዝቅ ይላል?

መልሱን እነግርሻለሁ፣ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ጠጪ።

የወንድምሽና የቻንሳ ባንድ ሸክላ ሊያስቀርጽ ንዶላ የሄደ ጊዜ አንቺ አልነበርሽም። እኔ ነበርኩ። ቻንሳ ገና አላገባኝም ነበር፤ ለማጨብጨብ ነው የወሰዱኝ። ሁለተኛው ዘፈን መሐል የሚሰማው ጭብጨባ የኔ ነው። እስካሁን “የኔ ነው” ብሎ የመጣ ሌላ ሰው የለም። ጭብጨባ ማን ይቀማል?

ሙሽራው መድረክ ላይ ከባዱ ቦታ ሲደርስ ጀርባውን ለሕዝቡ ይሰጥ የለ? “ጥበቡን እንዳያዩበት ነው” ይሉ ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ለማን ጀርባ ይሰጣል? ማይክሮፎን ጆሮ እንጂ ዓይን የለው። ቀጂው ሰውዬ አሥራ አንድ ጊዜ “እንደገና” አለው። አንዴ ክሩ ላላ፣ አንዴ ሙቀቱ በዛ፣ አንዴ ወንበሩ ተንጋደደ። በመጨረሻ አየር ልቀበል ብሎ ወጣ።

እና እህቴ፣ ጸጋ ማለት ያኔ ነው ያየሁት። እሱ ግቢው ውስጥ ጃካራንዳ ሥር ሲጋራውን ያጨሳል... ጊታሩ ደግሞ ስቱዲዮው ውስጥ ሆኖ ይጫወታል። በመስኮት እሱን አያለሁ፣ በጆሮዬ ጊታሩን እሰማለሁ። የኔውማ ጊታሩ ከወንበር እንዳይወድቅ ያዘለት እንጂ ሌላ ምን አደረገ? ጣቶቹ ትንሽ ተንቀሳቅሰው ይሆናል። ልጅ ሳለ አጎቱ ከዘይት ቆርቆሮ በሠራለት ጊታር ነው የተማረው፤ የልጅነት አመል መቼም አይለቅም። ቀጂው አንድ ጊዜ ሰምቶ “ይኸው፣ ይኸው ነው” አለ። ከበሮ መቺው ዓይኑን ይጠርግ ነበር... የሲጋራው ጭስ በመስኮት ገብቶበት ይሆናል። የቀሩት ሦስት ዘፈኖችም እንዲሁ ጊታር በመያዝ አለቁ። ቻንሳ መድረክ ላይ እየዘለለ ስለሚዘፍን፣ እጁ እንዲህ እንደሚችል ከዚያ ቀን በፊት ማን ያውቅ ነበር? ከዚያ ቀን በኋላስ?

ሙሽራው ሲመለስ ግንባሩን ጠረገ። ደክሞት ነበር፣ ምስኪን።

ለሸክላው ሽፋን ስም ሲመዘገብ ቀጂው ጊታሩን ማን ልበል ብሎ ጠየቀ። ከመካከላቸው ፈጥኖ የራሱን ስም የሰጠ ሰው ነበረ። ማን እንደሆነ አልልም፤ እኔ የማንንም ወንድም አላማም። ቻንሳን ወደ ጓሮ ወስጄ ለምን ዝም ትላለህ አልኩት።

“እኔ ዘፋኝ ተብዬ ተጽፌያለሁ” አለኝ። “ጓደኛዬ እናቱ ቤት ባዶ እጁን ይግባ?”

ላገባው የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው። ሞኝ መሆኑንም ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሥራ ለሠሪው ይሉ የለ? እኛ ሰፈር ሥራ ለሠሪው፣ ፎቶ ለተነሺው ነው። በሰው ወርቅ አይደምቁ ያለውም ሰው ሸክላ አስቀርጾ አያውቅም...

ከዚያ ሁለተኛ ሸክላ እንዲቀዱ ከናይሮቢ ጥሪ መጣ። አንድ ሰው፣ ዘፋኝማ በየቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል፣ ጊታር ነው የሚጠፋው ብሎ ባንዱን አሳመነ። እውነቱን ነው፤ ጠፋ። ሁለተኛውን ሸክላ ያለ ቻንሳ ቀዱት፤ ሰው ሁሉ ጊታሩ በስሏል አለ። እኔም ሰምቼዋለሁ። አዎ፣ በስሏል፤ የበሰለ ሰው ብዙ አይናገርም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ የማቅለጫው ጭስ ስላለ ቢዘገይ አይፈረድበትም።

አሁን መልሱን ልንገርሽ። መጋረጃው ጀርባ አይቀመጥም። ኩራት እንዳይመስልሽ። ባለፈው የካቲት ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ተንዶ የግራ እጁን ሁለት ጣት ወስዶበታል። ሙሽራው አልሰማም መሰለኝ። አይፈረድበትም፤ ሆስፒታሉ ከእናንተ ቤት በአውቶቡስ ሦስት ፌርማታ ነው፣ ሩቅ ነው... ቻንሳ ሦስት ሳምንት ተኝቶ፣ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይል ነበር። እኔ እንኳ ነርሷን የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር።

ትናንት መልእክትሽን ስነግረው እኔ ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ እቴ፣ ከተቆጣማ ቻንሳ መቼ ይባላል?

“እመጣለሁ በይው” አለኝ። “ከፊት ወንበር አስቀምጡኝ። ያንን ጊታር ሰው ሲጫወተው ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ሰምቼ አላውቅም።”

እንግዲህ ከፊት ነው፣ ከእናትሽ ጎን አድርጉት። እኔም አለሁ፤ ከፈለጋችሁኝ አጨበጭባለሁ። ሙሽራው እንደ ልማዱ ጀርባውን ቢሰጠን አንቀየምም፤ ብቻ በዚያ በኩል ሙሽሪት እንዳትቀመጥ ተጠንቀቁ።

ተነሣሽ? ብርጭቆሽ እኮ እንደሞላ ነው። በይ፣ ሌሎችም ቤቶች ይጠብቁሻል። ምርቃቴን ግን አደራ፣ ቃል ሳትጥዪ አድርሺልኝ። ቤቱ በሳቅ ይሙላ፣ ጓዳው አይጉደል። እግዚአብሔር ዓመት ሳይሞላው ልጅ ይስጠው... ልክ እንደዚያ ጊታር ያለ ልጅ። እሱ ሳይለፋበት የተወለደ፣ በስሙ የሚጠራለት፣ አገር ሁሉ “ቁርጥ አባቱን” የሚለው።

አሜን በይ እንጂ።