ጨዋ የተባለው ቀሚስ

መስከረም ገብቶ፣ ክረምቱም ወጣ ተብሎ፣ ወንዞቹ ግን ይህን ወሬ ገና ሳይሰሙ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወደ አርብ ገበያ በእግሬ እሄድ ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን፣ በየወረዳው ጤና ጣቢያ መከፈት የጀመረበት ነው፤ እኔም ቦርሳዬን አንግቼ ከጣቢያ ጣቢያ የምዞር ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበርኩ። ያን ዕለት ጧት ጉሙ ሜዳውንና ሰማዩን አንድ አድርጎት ስለነበረ፣ የምሄደው በምድር ላይ ይሁን በሕልሜ ውስጥ መለየት አቅቶኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጧት እወዳለሁ። በጉም ውስጥ የሚሄድ ሰው የሚቸኩልበት ነገር አይታየውም።

ወንዙ ዳር ስደርስ ውሃው ሞልቶ፣ ደፍርሶ ጠበቀኝ። በእንዲህ ያለ ጊዜ መንገደኛ ሁሉ ከሾላው ሥር ተቀምጦ እስኪጎድል ይጠብቃል። ከእኔ የቀደሙ ሦስት ሰዎች አገኘሁ። አንደኛው ጥምጥማቸው ነጭ፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌ ናቸው፤ በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስተምሩ፣ መሪጌታ ቀለመወርቅ የሚባሉ ሊቅ ናቸው። ከጎናቸው የልጅ ልጃቸው ብርነሽ ተቀምጣለች፤ ገና ልጅ ናት፣ የለበሰችው አዲስ ቀሚስ ግን እግሯን ሸፍኖ መሬት ይጠርጋል። ሦስተኛዋ ዓለምጸሐይ የምትባል ወጣት አስተማሪ ናት። ደብረ ታቦር ተምራ፣ አርብ ገበያ ላይ ሴቶች ልጆችን ልታስተምር መሄዷ ነበር። የእሷ ቀሚስ ከጉልበቷ ጥቂት ዝቅ ብሎ ያበቃል።

«እንደምን አደራችሁ?» ብዬ ተቀመጥኩና፣ ለጨዋታ ያህል፣ «መሪጌታ፣ ልጂቱን ወዴት ይዘዋት ነው?» አልኳቸው።

«ወደ ቤቷ ነዋ» አሉ። «መካነ ኢየሱስ አክስቷ ካሣነሽ ዘንድ ሆና ትማር ነበር። ዘንድሮ ዩኒፎርም ታዘዘ አሉ። ሄጄ ባየው እግሯን ሜዳ ላይ የሚያወጣ ጉርድ ነው። ጨዋ ልብስ አይደለም። ይህን አሰፍቼላት፣ እጇን ይዤ መጣሁ። ትምህርቱ ይቅርባት።»

ብርነሽ አላለቀሰችም። ከእግሯ ሥር ያለውን ሣር እየነጨች ታስተካክለው ነበር።

ዓለምጸሐይ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና መሪጌታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች።

«ጠይቂ ልጄ፤ ውሃው እንደሆነ አያስቸኩለንም።»

«የብርነሽን ቀሚስ ጨዋ አሉት። እንግዲህ የእኔ ምን ሊባል ነው?»

መሪጌታ ደነገጡ። «ኧረ እኔ ስላንቺ መች ተናገርኩ! የቀሚሱን ልክ ነው የተናገርኩት። እናቴም እንዲህ ትለው ነበር፣ የገበያው ልብስ ሰፊም እንዲሁ ይለዋል። መጠሪያው ነው እንጂ በማንም ላይ መፍረዴ አይደለም።»

«ሁለት እንስራ ተቀምጦልዎት፣ አንዱን ብቻ ንጹሕ ነው ብለው ቢጠጡ፣ የሌላው ባለቤት ምን ይሰማታል?»

«ትከፋለች።»

«እኔም የተከፋሁት እንደዚሁ ነው።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ክርክር ይወዳሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጉባኤ ቤት ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «ይሁን» አሉ። «ነገር ግን ልብስ ይናገራል። እኔ ይህን ስጠመጥም የቤተ ክርስቲያን ሰው መሆኔን ያየኝ ሁሉ ያውቃል። የሴት ልብስ ስለምን ዝም ይበል?»

«ጥምጥምዎ ሥራዎን ይናገራል፣ መሪጌታ። ትናንት ሰው አምተው እንደሆነ ግን ይናገራል?»

«አይናገርም» ብለው ሳቁ። «ቢናገርማ ስንቱ ጥምጥሙን ፈትቶ በሸሸ!»

ጉሙ ከሾላው ቅርንጫፍ እየተንጠባጠበ፣ የውሃው ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ማኅሌት ያንሾካሽክ ነበር። ዓይኔ ከደን ከፈት ይላል። መሪጌታ ሲናገሩ እሳቸው ልክ ናቸው እላለሁ፤ ዓለምጸሐይ ስትመልስ እሷ ልክ ናት እላለሁ። እንቅልፍ የያዘው ዳኛ ከዚህ የተሻለ አይፈርድም።

«ታዲያ ገላን መሸፈን ነውር ሆነ?» አሉ መሪጌታ።

«በፍጹም። እናቴም ረጅም ነው የምትለብሰው፣ እኔም ለበዓል እለብሳለሁ፣ ያምርብኛል። ረጅም ነው ይበሉት፣ ይሞቃል ይበሉት፣ የአገራችን ልብስ ነው ይበሉት። የልጅን ምግባር ከቀሚሷ ጫፍ ላይ አይስፉት ነው የምለው። አጨዳ ላይ ሴቱ ሁሉ ቀሚሱን እስከ ጉልበቱ ሸብ አድርጎ ይውላል። ባለጌ የሚለው አለ?»

«ያ ለሥራ ነው።»

«ትምህርትስ ሥራ አይደለም?»

መረታት ለሊቅ ከባድ ነው፤ መሪጌታ ትንሽ ቆጣ አሉ። «ልጄ፣ አንቺ ከአገር አገር የምትዞሪ ነሽ። ብርነሽ ግን ነገ ትዳር የምትይዝ፣ ስሟን የምትጠብቅ ልጅ ናት።»

ዓለምጸሐይ ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «እኔም ስም አለኝ፣ መሪጌታ። ደግሞ ያ ቃል ለእኔ ብቻ አይደለም የሚከብደው። ለተመሰገነችውም ይከብዳል። ትንሽ ልጅ ናት፤ ያሸከሟትን ሁሉ ትሸከማለች።»

ጉሙ እየሳሳ ሄደ፤ ማዶው መጀመሪያ እንደ ጥላ፣ ቀጥሎም በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ብቅ አለ። ውሃውም ለመሻገር ያህል ጎደለ።

በዚያ መሻገሪያ የቆየ ልማድ አለ። ሴቶች ይቀድማሉ፣ ቀሚሳቸውንም ሰብስበው ይገባሉ፤ ወንዶች ፊታቸውን ወደ ኮረብታው አዙረው ይቆማሉ፣ ማዶ ደረስን እስኪባሉም አይዞሩም። መልካም ልማድ ይመስለኝ ነበር፣ ክብር አለበትና።

መሪጌታ ቆሙና የብርነሽን ራስ ዳሰሱ። «አስተማሪዋን ተከተያት» አሏት። ቀጥለውም፣ ዓለምጸሐይ እንድትሰማ ጭምር ይመስለኛል፣ «የእኔ ልጅ ጨዋ ለብሳለች፤ ወንዝም አያሳፍራት» አሉ።

ፊታችንን አዞርን። መሪጌታ በለሆሳስ ዜማ ጀመሩ። እኔ የኮረብታውን አበባ እያየሁ በቁሜ ሕልም ያዘኝ፤ ዜማው ከውሃው ይወጣ፣ ውሃው ከዜማው ይወጣ መለየት አልቻልኩም። በዚያ መካከል አንድ ጩኸት ሰማሁ።

ልዞር ስል መሪጌታ ክንዴን ያዙ። «ተው! ሴቶች ናቸው!»

«እየጮኹ እኮ ነው!»

«ውሃው ቀዝቅዟቸው ይሆናል፤ ተው አልኩህ!»

ሁለተኛው ጩኸት ግን ስም ነበረው፦ «ብርነሽ!»

ከእኔ ቀድመው የዞሩት እሳቸው ናቸው። ልጂቱ ከወንዙ መካከል ወድቃለች። ያ ረጅም ቀሚስ ውሃ ጠጥቶ፣ እንደ ስልቻ ተነፍቶ ቁልቁል ይጎትታታል። ዓለምጸሐይ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ የብርነሽን መቀነት ጨብጣለች፤ እግሯ ግን እየከዳት ነበር። መሪጌታ ከእነ ልብሳቸው ገቡ። መቋሚያቸውን ዘረጉላት፣ ያዘችው፤ እኔም ገብቼ ልጂቱን ከብብቷ ሥር አቀፍኩ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ አራታችንም ማዶ ነበርን።

ደፋ አድርጌ የጠጣችውን ውሃ አስወጣኋት። ሳለች፣ አለቀሰች፣ ዓይኗን ገለጠች። መሪጌታ ከቦርሳዬ ያወጣሁትን ደረቅ ጋቢ ከእጄ ነጥቀው ጠቀለሏት።

«ምነው ልጄ፣ ምነው ቀሚስሽን ሳትሰበስቢ ገባሽ? አስተማሪሽ ስትሰበስብ አላየሽም?»

ዓለምጸሐይ፣ «ደጋግሜ ነገርኳት፣ እንቢ አለችኝ» አለች።

ብርነሽ ከጋቢው ውስጥ ሆና፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣ «ጨዋ ብለውኝ የለ፣ አባባ» አለች። «ብሰበስበው ያ ይቀርብኛል ብዬ ነው።»

ፀሐይዋ ጉሙን ጨርሳ ወጥታ ነበር። መሪጌታ መሬቱ ላይ ተቀመጡ፣ ጥምጥማቸው ከነእርጥበቱ ትከሻቸው ላይ ወድቆ። ሲናገሩ ወደ ዓለምጸሐይ አላዩም፤ ወደ ወንዙ ነበር የሚያዩት።

«አልፈረድኩም ብዬሽ ነበር። ፈርጄ ኖሯል። አንቺን በአፌ ኮነንኩ፣ ይቺን ደግሞ በምስጋናዬ ላሰምጣት ነበር። ይቅር በይኝ።»

«መሪጌታ፣ እርስዎ ይቅር ይበሉኝ፣ አጥብቄ ተከራከርኩዎት» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«ጀርባዬን ሰጥቼ ስዘምር ነበር» አሉ፣ ያልሰሟት ይመስል። «ክብሯን ጠበቅሁ ብዬ። ክብሯን ስጠብቅ እሷን ማን ይጠብቃት?»

ቀሚሱን ቁጥቋጦ ላይ አሰጣነው፤ ለመድረቅ እስከ ቀትር ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሽማግሌውና አስተማሪዋ ሲያወጉ ዋሉ፤ አሁን ግን የሚጠይቁት እሳቸው ነበሩ። ሴት ልጅ ተምራ ምን ታገኛለች? የታዘዘላትን መድኃኒት ራሷ ታነባለች፣ ስትወልድ መቼ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለባት ታውቃለች፣ ዳኛ ፊት ስትቆም የሚጻፍላትን ትረዳለች። ልብሷን በልኩ ብንጠራውስ? ረጅም የለበሰችው ብትሰበስበው የሚቀርባት ነገር አይኖርም፣ አጭር የለበሰችውም ያልሠራችውን ኃጢአት አትሸከምም፤ እኛ ደግሞ ሰውን በልብሱ ጫፍ መለካት ትተን በሥራው ማወቅ እንለምዳለን። እኔም ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም። የሚሰማኝ አባት ካለ፣ ሴት ልጁን ስለ ለበሰችው ሳይሆን ስለ ሠራችው ያመስግናት እላለሁ።

በመጨረሻ መሪጌታ፣ «መካነ ኢየሱስ እስከ መቼ ይመዘግባሉ?» አሉ።

«እስከ መስቀል ድረስ ነው» አለች ዓለምጸሐይ።

«እንግዲያ እንመለስ፣ ብርነሽ። ካሣነሽ ዩኒፎርሙን ታሰፋልሽ።»

ልጂቱ ሳቀች። ከጧት ጀምሮ ድምፅዋን እንዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወንዙን ግን ስታየው ሳቋ ቆመ። ውሃው ጎድሎ፣ ጠርቶ፣ ድንጋዮቹ ይታያሉ፤ ቢሆንም ትፈራለች። እኔ እንደ ልማዱ ፊቴን ላዞር ስል መሪጌታ በእጃቸው ከለከሉኝ። ሱሪያቸውን ሰብስበው ቀድመው ገቡ፣ ከመካከል ቆሙ፣ ወደ እሷም ዞረው መቋሚያቸውን ዘረጉላት።

«ከፍ አድርጊው የኔ ልጅ» አሏት፣ «እስከ ጉልበትሽ። ነይ፣ አይዞሽ፤ እያየሁሽ ነው።»