ጭልፋ ነክቼ ጎደሬ ያመንኩ ቀን

ሻንቶ ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር ነው። አንድ ጠዋት የፕላዝማ ቴሌቪዥኑ አስተማሪ ስለ ስፔሲፊክ ሂት፣ ማለትም ስለ ነገሮች ሙቀት የመያዝ አቅም፣ በእንግሊዝኛ ሮጦ አለፈ። እኔም ተከትዬ «ብረት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ውሃ ግን ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስረዳሁ። የገባው ተማሪ አላየሁም። እየተበሳጨሁ ለምሳ ወደ አከራዬ እማማ አስቴር ቤት ሄድኩ። እሳቸውም ከሚፈላው ድስት ጎደሬ በብረት ጭልፋ አውጥተው ሳህን ላይ ከማባያው ዳጣ ጋር አደረጉልኝና ጭልፋውን አጠገቡ አስቀመጡት። ርቦኛል። ትንሽ ቆየት ብዬ ጭልፋውን ብነካው ቀዝቅዟል። እንግዲያው ጎደሬውም በርዷል ብዬ ትልቁን ጎረስኩ።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ! ላለማፈር «ዳጣው ነው፣ በርበሬ በዝቶበታል» አልኩ። «ዳጣውን መቼ ነካኸው?» ብለው ሳቁብኝ። «አይ መምህር! ጭልፋ ተነክቶ ጎደሬ ይታመናል? ጎደሬ እኮ ሆዱ ውሃ ነው።»

ከሰዓት ባበጠ ምላስ ይህንኑ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ኋላ ፈተና ላይ «የመምህሩ ምላስ ለምን ተቃጠለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም ማለት ይቻላል ውሃና ብረት እያነጻጸሩ በትክክል መለሱ። አንዷ ግን «ጠዋት ሲያስተምሩ እሳቸውም ስላልተከታተሉ» ብላ ጻፈች። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።